ጣቱ አልመጣም

ሰኞ

በዚህ ዓለም ላይ ስንት የሚያስለቅስ ነገር እያለ እኔ ዛሬ የማማርረው በሱሪዬ ነው። ከዳኝ። ጠዋት ደንበኛ ፊት ጎንበስ ብዬ የሶፋ እግር ስለካ፣ ቀበቶ ታጥቄበት እያለ፣ በራሱ ውሳኔ ወደ ታች ጉዞ ጀመረ። በአንድ እጄ ሜትር፣ በሌላው ሱሪ ይዤ ስለ ዋጋ ተነጋገርኩ። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ "ትንሽ ይቀንሱልኝ" አለች። "እመቤቴ፣ ቀንሼ ቀንሼ እኮ ነው እዚህ የደረስኩት" አልኳት። ሳቀች፤ ሶፋውን ግን አልሰጠችኝም።

ቀበቶውን በወስፌ ሌላ ቀዳዳ አበጀሁለት። አሁን ቀበቶ መሆኑ ቀርቶ ዋሽንት መስሏል።

የሱሪው አዝራርም የለም። ማታ ቤት ገብቼ ባለቤቴ አዝራር የምታጠራቅምበትን የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩና አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ከአንድ ትልቅ የካፖርት አዝራር ሥር ቀለበቴ ወጣ። የጋብቻ ቀለበቴ። ከጣቴ ከወረደ ዓመታት አልፈውታል። ጣቴ ሲወፍር ቀለበቱ አብሮት ሊወፍር ፈቃደኛ ስላልሆነ በሰላም ተለያዩ። እኔ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ነበር የተውኩት፤ ቆርቆሮው ውስጥ እንዴት እንደገባ አላውቅም። አንድ ሰው አስቀምጦት ሳይሆን አይቀርም።

ሞከርኩት። እስከ አንጓው ሄዶ ቆመ።

ባለቤቴ እህቷ ጋ ናት። እህቷ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ ልታስታምማት ሄዳለች። ለአንድ ቁርጭምጭሚት ትልቁን ሻንጣና የራሷን ትራስ ይዛ መሄዷ ትንሽ ይበዛል። ግን እሷ ያለ ትራሷ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ የታወቀ ነው።

ረቡዕ

ቸኩያለሁ። የጥርስ ሐኪሙ ወንበሮች ዛሬ ይደርሳሉ ብዬ ምያለሁ። ስፖንጅ አነሰ። ዝናብ። ምሳ ዳቦ፣ ቆሜ።

ቀለበት፦ አንጓው ላይ። ከሰኞ ይልቅ ግን አንድ ፀጉር ያህል ወደፊት። ይህን ነገር ዳይት ብዬዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ "ዳይት ላይ ነኝ" እላለሁ፤ ደስ ይላል፣ የሀብታም በሽታ ይመስላል።

ዝናብ ሊያሳልፉ በረንዳዬ ሥር የቆሙ ሁለት ሴቶች፦

"ሶፋ አዳሹ አልከሳም እንዴ?"

"ሚስቱ እኮ እህቷ ጋ ናት።"

"ለምን?"

"በእግር ምክንያት ነው አሉ።"

"የማን እግር?"

መልሱን ሳልሰማ ዝናቡ አባራ።

ዓርብ ማታ

ዛሬ ጊዜ አለኝ። ቤቱ ጊዜ ብቻ ነው ያለው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። "አጎቴ፣ ቀልዶችህን ጻፋቸው፣ እየጠፉ ነው" ብላ። ጽሕፈት እንደሆነ አላፍርበትም። ማንበብ የተማርኩት ከወንበር ሆድ ውስጥ ነው። የድሮ ሶፋ ሠሪዎች ስፖንጅ ሲያልቅባቸው ጋዜጣ ጨፍልቀው ይጎስሩ ነበር። እኔ አሮጌ ሶፋ በከፈትኩ ቁጥር ጋዜጣውን በእጄ እያቃናሁ ፊደል ቆጠርኩ። ስለዚህ ዕውቀቴ ሁሉ ትንሽ ተጨማድዷል። የዛሬን ዜና አላውቅም፤ ከመወለዴ በፊት የጠፋ በቅሎ ማን እንዳገኘው ግን እነግራችኋለሁ።

ስለ ቀለበቱ ልጻፍ። የወንድሜ ልጅ ልታገባ ነው። ወንድሜ ስለሌለ አባት የምሆናት እኔ ነኝ። የሙሽራው ቤተሰቦች ሊተዋወቁን ለምሳ የመጡ ቀን እናትየው፣ ጥሩ ሴት ናት፣ እጄን አይታ "ጋሼ፣ ቀለበትዎ የታለ?" አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ኳስ እግሬ ሥር እንደተንከባለለለት ልጅ ነኝ። "ውሉ አልቆ ለእድሳት ገብቷል" አልኩ። "አዲስ አመልካቾችም እየተመዘገቡ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሙሽራው አባት ትን አለው። ባለቤቴም ሳቀች። እንዲያውም መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ ደጋግሜም አስታውሼዋለሁ። ከዚያ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ያልጨረሱ ሰዎች ሳህን ጭምር።

በማግስቱ ማለት ይቻላል እህቷ ወደቀች። አጋጣሚ ነው።

ቀልዱ አዲስ አይደለም። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። "አመልካቾች" የሚለው ብቻ ነው አዲሱ።

እሑድ

በየሳምንቱ እንደማደርገው ብርቱካን ይዤ እህቷ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ በር ከፈተችልኝ፣ ሳመችኝ፣ "ተቀመጥ" አለችኝ። ሻይ አመጣችልኝ፤ ጠርዙ ወርቃማ በሆነው፣ ለእንግዳ ብቻ በሚወጣው ትንሽ ስኒ። ቤት ውስጥ ጆሮው የተሰበረ እንደ ባልዲ ያለ ኩባያ ነው ያለኝ። በዚያ ትንሽ ስኒ ስጠጣ ለራሴ የቤት ኪራይ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መሰልኩ።

"ሥራ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው። ቤትስ እንዴት ነው አትይም?"

"ቤት እንዴት ነው?"

"ጸጥ ብሏል። ከግድግዳው ጋር ተግባብተናል፤ ቀልዴን ሁሉ ሳያቋርጥ ይሰማል።"

ፈገግ አለች። አንገቴን አየች። "የሸሚዝህ ኮሌታ ሰፍቷል" አለች።

"ታጥቦ ነው።"

"ልብስ ታጥቦ ይጠባል እንጂ ይሰፋል?"

እህቷ በዚህ መሀል ከመኝታ ቤት ወጥታ ወደ ማድ ቤት አለፈች። ጀሶው የለም። ዱላም የለም። ባዶ ማሰሮ በአንድ እጇ፣ ባልዲ በሌላው ይዛ። ስታየኝ ደነገጠችና ማነከስ ጀመረች። በተሳሳተው እግር ይመስለኛል።

"ገና አልጠናላትም" አለች ባለቤቴ፣ ስኒዬን እያየች።

"አዎ፣ ቁርጭምጭሚት ክፉ ነው" አልኩ። "አንዳንዴ እኮ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራል።"

እህቷ ማድ ቤት ውስጥ በሳቅ ማሰሮውን ለቀቀችው። ባለቤቴ አልሳቀችም። በር ላይ ሸኝታኝ "ራትህን ብላ" አለች። ብርቱካኑን ግማሽ መልሳ በላስቲክ ሰጠችኝ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ያቺን የእግር ነገር ባልላት ምን ነበረበት?

ማክሰኞ

የወንድሜ ልጅ ሱቅ ድረስ መጥታ በእጄ እየጎተተች መድኃኒት ቤቷ ወሰደችኝ። ሚዛኑ ላይ አቆመችኝ። ቁጥሩን አይታ አወረደችኝና እንደገና አቆመችኝ።

"አጎቴ፣ ትቀልዳለህ ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት።"

"ዳይት ነው።"

"የምን ዳይት?"

"ቀለበት። በሠርግሽ ቀን አድርጌው እንድቆም።"

ወዲያው ከጎን ወዳለው ላቦራቶሪ ሰደደችኝ። ደም ቀዱ፣ ሌላም ነገር ጠየቁ፣ በብልቃጥ ሰጠኋቸው። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ስኳር የለም። ምንም የለም።

"ምንም የለብህም" አለችኝ፣ ልታለቅስ ደርሳ። "መብላት ትተህ ነው፤ በቃ። ማታ ምን በላህ?"

"ብርቱካን።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

"ያንኑ።"

"አክስቴ ታውቃለች?"

"ምኑን? ምንም የለብህም አላልሽኝም?"

በዳቦ መሀል እንቁላል አስገብታ፣ እስክጨርስ እጇን አጣጥፋ ቆመችብኝ። ግማሹ ላይ ጠግቤ ነበር። ለነገሩ መብላት አልጠላሁም። ገበታው ላይ አንድ ሳህን ብቻ ሲሆን ግን ምግቡ የሆስፒታል ይመስላል።

ሐሙስ ጠዋት

ገባ!

ገና ሳልታጠብ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ እያለሁ ሞከርኩት፤ አንጓውን እንደ ባቡር አለፈ። ገብቷል! ጣቴ ላይ ነው። በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። በግራ እጄ ጥርሴን ቦረሽኩ፣ እሱን ለማየት ብቻ። እሑድ ይዤው እሄዳለሁ። አንድ ቃል ሳልናገር ስኒውን በዚህ እጅ አነሳለሁ። አንድ ቃል!

ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ

ሞኝነቴን ልጻፈው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ሳያወራው።

ጠዋት ጣት ቀጭን ነው፤ ብርድ ነው፣ ተኝቶ ያደረ ነው። እኔ ግን ቀለበቱን አድርጌ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ስመታ፣ ጨርቅ ስወጥር፣ ሞላ ሳስር ዋልኩ። ጨርቅ መወጠር ሙሉ ጉልበቱ ጣት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ጣቴ ሲከብደኝ አየሁት፤ እንደ ቋሊማ ወገቡ ላይ ታስሮ ጫፉ ቀይ ሆኗል። ሳሙና ሞከርኩ። ዘይት ሞከርኩ። የማሽን ግሪስ ሞከርኩ። አንድ ደንበኛ "ይቆረጥ" አለኝ። "ቀለበቱ ነው ጣቱ?" ስለው ትከሻውን ነቀነቀ።

መንገዱን ተሻግሬ ወርቅ ሠሪው ጋ ሄድኩ። ቀለበቶቻችንን የሠራው እሱ ነው፤ አሁን አርጅቷል፣ መነጽሩ ላይ ሌላ መነጽር ያደርጋል። እጄን አየ። መጋዝ ያነሳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን "ክር አለህ?" አለኝ። እኔን! ኪሴ ሁልጊዜ ክር ነው።

የክሩን ጫፍ በመርፌ በቀለበቱ ሥር አሾለከው። የቀረውን ከቀለበቱ በላይ ጣቴ ላይ እስከ አንጓው ድረስ አጥብቆ ጠመጠመ። ከዚያ ያሾለከውን ጫፍ ይዞ ከታች መፍታት ጀመረ፤ ክሩ በተፈታ ቁጥር ቀለበቱ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ይወጣል። አንጓው ላይ እንባ አመጣብኝ። ወጣ። ሕይወቴን በሙሉ በክር የኖርኩ ሰው ክር ይህን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

ቀለበቱን ጠራርጎ በመብራት አየው።

"ይህ እዚህ መጥቶ ያውቃል" አለኝ።

"ያኔ፣ ስንገዛው።"

"ኋላም መጥቷል። ባለቤትህ የራሷን ሁለት ጊዜ አሰፍታለች፤ ስትወፍሩ አብራችሁ ነው የወፈራችሁት መሰለኝ። በሁለተኛው ያንተንም ይዛ መጣች። እኔ በግምት አላሰፋም፤ ሰውየውን ይዘሽው ነይ፣ ጣቱን ልለካ አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ከወር በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። 'የታለ?' ብላት፣ 'ቀለበቱ መጥቷል፤ ጣቱ አልመጣም' አለችኝ። በመሐረብ ጠቅልላ ወሰደችው።"

"ማስፋት ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ምን ቀን አለው! ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ።"

ሱቁ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። መስኮቱን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ሆኜ አየዋለሁ። "እስቲ አንድ ቀን ብቅ እንበል" ብላኝ ነበር፤ አንድ ጊዜም አይደል። እኔም "ወርቁ ይወፍር ወይስ እኔ ልክሳ፣ እንወራረድ" እላት ነበር። በጣም ያስቅ ነበር። እኔን።

ወርቅ ሠሪው አንድ ነገር እንድል ጠበቀ። ሰው ሁሉ ከኔ አንድ ነገር ይጠብቃል። ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣልኝም። አመስግኜ ወጣሁ።

ቅዳሜ

እብጠቱ ወረደ። ጣቴን ይዤ ሄድኩ።

"ጣቱ መጥቷል" አልኩት።

ወርቅ ሠሪው ሳቀ። ለካው። "አሁን እኮ ልክህ ነው፤ ከመዶሻ ሥራ ብቻ አውልቀው። ምንም ማስፋት አያስፈልገውም።"

"አስፋው።"

"ይወልቅሃል፣ ወዳጄ።"

"ለዚህ ጣት አይደለም። ቤቴ በወጉ ለሚበላው ጣት አስፋው።"

መነጽሮቹን አንድ በአንድ አነሳ። ብዙ አልጠየቀኝም። የድሮ ልኬን በምን እናውቃለን ስለው፣ ከመሳቢያው የባለቤቴን ልክ የጻፈበትን አወጣና "አብራችሁ ነው የወፈራችሁት ብዬሃለሁ፤ የኔን ዓይን እመነው" አለ። በግምት አላሰፋም ያለው ሰው! ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ደርሷል።

በእርግጥም ይወልቃል። ከሥር በኩል የሶፋ ክር ጠመጠምኩበት፤ ልክ ሆነ። ስወፍር ክሩን አንድ ዙር አንድ ዙር እየፈታሁ እሄዳለሁ።

እሑድ

አልሄድኩም። መቅረቴ የመጀመሪያው ነው። ልለብስ ተነስቼ ሳሎን ውስጥ ቆምኩ፤ የኛ ሶፋ ዓይኔን ወጋኝ። በኔ በኩል ጎድጉዷል። ሁለት ሆነን ስንቀመጥ እሷ ከላይ ወደ እኔ ቁልቁለት ትንሸራተታለች። "የሰው ሁሉ ሶፋ ታቃናለህ" ትለኝ ነበር። "ወደኔ እንድትመጪ ሆን ብዬ ነው" እላት ነበር። እሷ ምን አለች ያኔ? አላስታውስም። የራሴን መልስ ብቻ ነው የማስታውሰው።

ገልብጬ ከፈትኩት። ከኔ መቀመጫ ሥር ጣውላ አገኘሁ። የአሮጌ መሳቢያ ጀርባ ነው፤ እንዳይወጋ በብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልሏል። የሥሩ ጨርቅ ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል። ስፌቱን አውቀዋለሁ፤ እሷ ግራኝ ስለሆነች ክሩ ወደ ሌላ ያዘነብላል። ከዚህ በላይ እንዳልሰጥም በራሷ እጅ ደግፋኝ ነበር። መቼ እንደሠራችው እንጃ። ስንት ሺህ ወንበር ገልብጬ፣ በዚህ ላይ ስንት ማታ ተቀምጬ አልታወቀኝም።

ደህና ተሰፍቷል። ጠርዙን ግን ትንሽ ማጠፍ ነበረባት።

ማታ የወንድሜ ልጅ ባለቤቴን ጠይቃ ስትመለስ ጎራ አለች። ሞላዎቹን ወለል ላይ አየች፣ እኔን አየች፣ ጣቴን አየች።

"የት ቀረህ?"

"ጠየቀችኝ?"

"አልጠየቀችም። ሻዩን ግን ሁለት ጊዜ አሞቀችው። ኋላ 'ታሞ ነው?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ሄደሽ እይው አልኳት።"

"እንዲህ ይባላል? ባለጌ!"

"ማን አሳደገኝ?" ብላኝ ሄደች።

ማክሰኞ

ሱቅ አልከፈትኩም። ሞላዎቹን በሙሉ ለወጥኩ። የሷንም ወገን፣ የኔንም፤ እኩል። ጣውላውን ልጥለው አስቤ ነበር፤ መልሼ ከሥር፣ መሀል ላይ አደረግኩት። ምንም አያደርግም፤ ይኑር። ጨርቁ ግራጫ ነው፣ እሷ ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ስትዳስሰው ያየሁት። ጠርዙ ብቻ ቀርቶኛል።

እሑድ ምን እንደምላት ስለማመድ ዋልኩ። ሁሉም መጨረሻው ላይ ቀልድ ይሆንብኛል። ደህና ተነስቼ፣ እንደ ሰው እየተናገርኩ መጥቼ፣ ጫፉ ላይ ስደርስ ምላሴ ይጠማዘዛል። ስለዚህ አጭር አድርጌዋለሁ፦ "ጣቱን ይዤው ሄድኩ።" ይህን ብቻ። ከዚያ ዝም። ዝም ማለቱን ለብቻው እየተለማመድኩ ነው።

በር ተንኳኳ። የጥርስ ሐኪሙ ነው መሰለኝ፤ አንዱ ወንበር ይንቀጠቀጣል ብሎ ነበር። "ክፍት ነው፣ ይግፉት!" ብዬ ጮህኩ። የኛ በር በዝናብ ወራት ያብጣል፤ እንግዳ ሁሉ በትከሻው ይገጨዋል፤ አይከፈትለትም። ተነስቼ እስክከፍትለት ይህቺን መስመር ልጨርስ

አልገጨውም። እጀታው ወደ ላይ ከፍ አለ። በሩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከዚያ በጉልበት ቀስ አድርጎ መግፋት። ይህን የሚያውቅ

ለዚህ የሚሆን አንድም ቀልድ የለኝም።

መጀመሪያ የገባው ትራሱ ነው።